300 ገዝቼ 400 ሸጥኩ፤ ትርፉ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ያገለገሉ የካሜራ ሌንሶችን በበይነ መረብ ጨረታ ገዝቶ መልሶ መሸጥን ልማር ብዬ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። እስካሁን አምስት ጊዜ ተጫርቼ በአራቱ ተሸንፌአለሁ፤ ሁለቱን የተነጠቅኩት ጨረታው ሊዘጋ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ነው። ያሸነፍኩትን አንድ ሌንስ በ300 ገዛሁ፣ ለማጓጓዣ 30 ጨመርኩ፣ በ400 ሸጥኩት። ሒሳቤን ስዘጋ ግን እጄ ላይ ምንም አልቀረም። የተሳሳትኩት ምን ላይ ነው? አስቀድሜ መማር ያለብኝ መግዛቱን ነው ወይስ መሸጡን? ቤቴ ያለውን ሌላ ሌንስስ በጣም ዝቅ ባለ መነሻ ዋጋ ለጨረታ ባቀርበው ምን ይመስልዎታል?

ምላሽ፦ ከሒሳቡ እንነሣ፤ ሌላው ሁሉ የሚመዘዘው ከእሱ ነውና። የገንዘቡን ዓይነት ስላልነገሩኝ እኔም በቁጥሩ ብቻ እሄዳለሁ።

ሌንሱ በ400 ሲሸጥ ድረ ገጹ ድርሻውን ቆርጦ ያስቀራል። መጠኑ እንደ ድረ ገጹና እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል፤ 12 በመቶ ነው ብንል 48 ይሆናል። ሣጥን፣ መጠቅለያ፣ ማሸጊያ ፕላስተር፣ እንዲሁም «የማጓጓዣው ወጪ በእኔ ነው» ብለው ከሆነ የመላኪያው ክፍያ ተደምሮ 25 እናድርገው። እንግዲህ ወደ እጅዎ የገባው 327 ነው። የወጣው ደግሞ 330። ምንም አልቀረም ማለትዎ ለራስዎ ማዳላት ነው፤ 3 ከስረዋል። ሌንሱን ለመሞከር፣ ፎቶ ለማንሣት፣ የገዢዎችን ጥያቄ ለመመለስና ዕቃውን ለመላክ ያጠፉት ሰዓት እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ኮሚሽኑንም ልብ ብለው ያንብቡት፤ አንዳንድ ድረ ገጾች የሚያሰሉት በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ገዢው ለማጓጓዣ በከፈለው ላይም ጭምር ነው።

ስህተቱ የተፈጸመው ሲሸጡ አይደለም፤ ሲገዙ ነው። በዚህ ሥራ ትርፍ የሚገኘው በግዢው ቀን ነው፣ በሽያጩ ቀን የሚደረገው መሰብሰብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ከኋላ ወደ ፊት ይሥሩት። ሌንሱ 400 ያወጣል ብለው ካመኑ፣ ከዚያ ላይ 48 ኮሚሽንና 25 የመላኪያ ወጪ ይቀንሱ፤ 327 ይቀራል። ከሸጧቸው ዕቃዎች አንዳንዱ ተመላሽ መሆኑ ስለማይቀር 5 በመቶ፣ ማለትም 20፣ ለዚያ ያስቀምጡ፤ 307። ለድካምዎ 60 እፈልጋለሁ ካሉ 247። በመጨረሻም ዕቃው ወደ እርስዎ ሲመጣ የሚከፍሉትን 30 ያውጡ። 217 ቀረ። ያ ሌንስ ለእርስዎ የሚያዋጣው እስከ 217 ድረስ ነበር፤ እርስዎ ግን 300 ሰጡ። ዕቃው ከአገር ውጭ የሚመጣ ቢሆን የጉምሩክ ቀረጡም እዚሁ ይገባና ቁጥሩ ከ217ም ይወርዳል። በዚህ ዓይን ካየነው የተሸነፉባቸው አራት ጨረታዎች ምናልባት ያመለጡዎት ዕድሎች ሳይሆኑ እርስዎ ያመለጧቸው ኪሳራዎች ናቸው።

ታዲያ 400 የሚለው ቁጥር ከየት ይመጣል? አብዛኛው ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ድረ ገጹን ከፍቶ ተመሳሳይ ሌንሶች ስንት እንደተጠየቀባቸው ያያል። የተጠየቀ ዋጋ ግን የሻጩ ምኞት ነው፤ ማንም የፈለገውን ቁጥር መጻፍ ይችላል፣ ገዢ አጥቶ ዓመት ሙሉ የተንጠለጠለም ሞልቷል። የሚፈልጉት ጨረታቸው ተዘግቶ በእርግጥ የተሸጡትን ነው። ትልልቆቹ ድረ ገጾች ፍለጋውን በተሸጡ ዕቃዎች ብቻ ለመወሰን የሚያስችል ምርጫ አላቸው። ቢያንስ አሥር፣ ቢቻል ሃያ ያህል የተዘጉ ጨረታዎችን በደብተር ይመዝግቡ፦ ዋጋውን፣ የሌንሱን ሁኔታ፣ ክዳንና ማቀፊያ አብሮት እንደነበረ፣ ማጓጓዣው በማን እንደነበረ። እጅግ ከፍ ያሉትንና እጅግ ዝቅ ያሉትን ይተዉና መሐል ላይ ያለውን ይያዙ። ሳይሸጡ የተዘጉትንም ይቁጠሩ። ከሃያው ስምንቱ ገዢ ካላገኙ ችግሩ የዋጋ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብዎ መደርደሪያ ላይ ለወራት ሊተኛ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ደብተር መያዝ እንደ ትርፍ ሥራ እቆጥረው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ነው የያዝኩት፤ ያስያዘኝም አንድ መደርደሪያ ሙሉ የማይሸጥ ሌንስ ነው።

አሁን ወደ ጨረታው ራሱ እንግባ። «ጨረታ» ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን በታሸገ ፖስታ የሚገባ ዋጋ ነው። «ሐራጅ» ሲባል ደግሞ በአደባባይ እየተጠራ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየጨመረ የሚወጣው። የበይነ መረቡ ጨረታ መልኩ ሐራጅ ይመስላል፣ አሠራሩ ግን ወደ ፖስታው ያደላል። በኢቤይና በመሰሎቹ የጨረታ ድረ ገጾች ላይ እርስዎ የሚጽፉት እስከ መጨረሻ የሚከፍሉትን ከፍተኛ ዋጋ ነው። ድረ ገጹ ያንን ቁጥር ደብቆ ይይዝና ሌላ ተጫራች በመጣ ቁጥር እርስዎን ለማስቀደም የሚበቃውን ያህል ብቻ በስምዎ ይጨምራል። እርስዎ 500 ቢጽፉ፣ ሁለተኛው ሰው 420 ቢጽፍ፣ ጭማሪው በ10 በ10 ቢሆን፣ በ430 ያሸንፋሉ። ቀሪው 70 ከኪስዎ አይወጣም፤ መኖሩንም ማንም አያውቅም።

ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ትልቅ መዘዝ አለው። ዊልያም ቪክሪ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት፣ ከፍተኛውን የጻፈው አሸንፎ የሚከፍለው ግን ሁለተኛውን ዋጋ በሆነበት ጨረታ፣ ለተጫራቹ የሚበጀው ዕቃው ለእሱ የሚያወጣውን ትክክለኛ ዋጋ አንድ ጊዜ መጻፍ መሆኑን አሳይቷል። ዝቅ አድርጎ መጻፍ የሚያስቀንሰው ነገር የለም፤ የሚከፍሉትን የሚወስነው የሌላው ሰው ቁጥር ነውና። ከፍ አድርጎ መጻፍ ደግሞ የማይፈልጉትን ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1996 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ፤ ሽልማቱ በታወጀ በቀናት ውስጥም ዐረፈ።

እንግዲህ «በጥቂት ሰከንዶች ተነጠቅኩ» ያሉኝን በዚህ ይመዝኑት። እርስዎ የጻፉት ከፍተኛ ዋጋ ከሰውየው ዋጋ በልጦ ቢሆን ኖሮ፣ እሱ በመጨረሻዋ ሰከንድ ሲገባ ድረ ገጹ በእርስዎ ስም ወዲያው ይመልስለት ነበር። እርስዎ ወንበር ላይ መኖርዎም አያስፈልግም። የተሸነፉት በሰዓት ሳይሆን በዋጋ ነው። ምናልባት ያደረጉት አብዛኛው ጀማሪ የሚያደርገውን ይሆናል፦ ጥቂት ጽፎ፣ «ተበልጠዋል» የሚል መልእክት ሲመጣ 5 ጨምሮ፣ እንደገና ሲመጣ 5 ጨምሮ፣ ፖስታ በሚገባበት ቦታ ሐራጅ መጫወት። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ጉዳት አለበት። ሰዓቱ ሲያልቅ የሚጨምርበት ጊዜ ያጣል፤ ሰዓቱ ሲተርፈው ደግሞ እልህ ይይዘውና ከደብተሩ ቁጥር በላይ ይወጣል።

የለመዱት ተጫራቾች መጨረሻው ላይ የሚገቡት ለምን እንደሆነም ይወቁ፣ በቂ ምክንያት አላቸውና። ቀድሞ የተጻፈ ዋጋ በ5 በ5 የሚጨምሩትን እልኸኞች ይቀሰቅሳል። ዕቃ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ዋጋ ከሰጠ ደግሞ «ይህ ሌንስ እውነተኛ ነው» ብሎ ለሌሎች እንደመሰከረ ይቆጠራል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ አልቪን ሮት እና አክሰል ኦከንፌልስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ኢቤይን አማዞን በዚያን ጊዜ ከነበረው የጨረታ አገልግሎት ጋር አነጻጽረው ነበር። ኢቤይ በተባለው ሰዓት ይዘጋል፤ አማዞን ግን በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ዋጋ ከገባ መዝጊያውን ያራዝም ነበር። በመጨረሻ ሰዓት መግባት የበዛው ኢቤይ ላይ ሆኖ አገኙት፣ ልምድ ያላቸው ተጫራቾችም ኢቤይ ላይ ይበልጥ ወደ መጨረሻው ያዘነብሉ ነበር። ስለዚህ በሚጫረቱበት ድረ ገጽ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነቡት የመዝጊያውን ደንብ ይሁን። ሰዓቱ የማይራዘም ከሆነ የደብተርዎን ቁጥር መጨረሻዎቹ ሰከንዶች ላይ አንድ ጊዜ ያስገቡ። የሚራዘም ከሆነ በመቸኮል የሚያገኙት ነገር የለም፤ ቁጥርዎን በፈለጉት ሰዓት ጽፈው ሥራዎን ይሥሩ። በሁለቱም መንገድ ቁጥሩ ያው 217 ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሰከንዶች እየቆጠሩ የሚወሰን ዋጋም እንዲሁ ነው።

ሌላም የተደበቀ ወጥመድ አለ። ሦስት የነዳጅ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ኩባንያዎች በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ቦታ በጨረታ አሸንፈው ያገኙት ትርፍ ከጠበቁት ያነሰው ለምን እንደሆነ አስረዱ። አንድ ዕቃ የሚያወጣውን ሁሉም እየገመተ ሲጫረት፣ የሚያሸንፈው አብዝቶ የገመተው ነው። አብዝቶ መገመት ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሳሳት ነው። ይህ «የአሸናፊው እርግማን» ይባላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እ.ኤ.አ. በ193 የሮም ንጉሠ ነገሥት ጠባቂዎች ንጉሣቸውን ገድለው ዙፋኑን ለጨረታ አቅርበው ነበር። ዲዲየስ ዩሊያኖስ ለእያንዳንዱ ወታደር 25,000 ሴስተርስ (የሮማውያን ገንዘብ) ሊሰጥ ቃል ገብቶ አሸነፈ፤ ዙፋኑ ላይ የቆየው 66 ቀን ሲሆን መጨረሻውም መገደል ሆነ። አንድ ሌንስ ላይ ሃያ ሰው ተረባርቦ እርስዎ ቀዳሚ ሆነው ሲያገኙት «አሥራ ዘጠኙ ያዩትን እኔ አላየሁ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ፍርሃት አይደለም። የተጫራቹ ቁጥር በበዛ መጠን ቁጥርዎን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ነው የሚያዋጣው፤ ልብ የሚያዘው ግን ተቃራኒውን ነው።

መግዛት ይቀድማል ወይስ መሸጥ ላሉት፣ መግዛት ይቀድማል። አምስት ስድስት ርካሽ ዕቃዎችን ለራስዎ ይግዙ። ሣጥኑ እንዴት እንደታሸገ፣ መግለጫው የቱን ጉድለት እንደዘለለ፣ የትኛው ፎቶ እንዳሳመነዎት በገዢ ዓይን ያዩታል። ከዚያ ሲሸጡ ምን እንደሚጠየቁ አስቀድመው ያውቃሉ።

ሌንስ ሲገዙ ፎቶውን እንደ መርማሪ ያንብቡ። «ስለ ካሜራ ስለማላውቅ አልሞከርኩትም» የሚል ሻጭ አንዳንዴ እውነቱን ነው፤ እኔ ግን ዕቃውን ሁልጊዜ እንደተበላሸ ቆጥሬ ነው የምጫረተው፣ የተጸጸትኩበትም ጊዜ ጥቂት ነው። ከኋላ በኩል ብርሃን እየበራበት የተነሣ ፎቶ ይጠይቁ፤ በመስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ብርሃን የሚያጠቡትና የሚያሰፉት ቀጫጭን ብረቶች ላይ የሚያብረቀርቅ ዘይት ካለ ሌንሱ ዘግይቶ ይዘጋል ወይም ይጣበቃል። መግጠሚያው ከየትኛው ካሜራ ጋር እንደሚሄድ በስሙ ሳይሆን በፎቶው ያረጋግጡ። ፎቶዎቹ ከሌላ ቦታ የተወሰዱ ከመሰለዎት፣ ቀኑ በእጅ የተጻፈበት ወረቀት ከሌንሱ አጠገብ ተቀምጦ የተነሣ አዲስ ፎቶ ይለምኑ። እውነተኛ ሻጭ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ሽያጩ ላይ ስንደርስ፣ ዝቅ ያለ መነሻ ዋጋ የሚያዋጣው ገዢ ለበዛበት ዕቃ ነው። ብዙ ሰው በየቀኑ የሚፈልገው የታወቀ ሌንስ ከሆነ በ1 ቢጀምሩትም ሰዎች እየተነጣጠቁ ወደ ደብተሩ ዋጋ ያደርሱታል፤ እንዲያውም ዝቅ ማለቱ ብዙ ዓይን ይስባል። ዕቃው ፈላጊው ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ከሆነ ግን፣ በዚያ ሳምንት ከእነሱ አንዱ ብቻ ቢመጣ በ1 ይወስደዋል። ሁለተኛ ተጫራች በሌለበት ዋጋ የሚያወጣ የለም፤ ከላይ እንዳየነው የሚከፈለው የሁለተኛው ሰው ቁጥር ነው። ለእንዲህ ያለው ዕቃ መነሻውን «ከዚህ በታች አልሸጥም» የሚሉት ቁጥር ላይ ያድርጉት፣ ወይም ጨረታውን ትተው በቁርጥ ዋጋ ይሽጡት። አንዳንድ ድረ ገጾች መነሻውን ዝቅ አድርጎ የመጨረሻ መሸጫውን ደብቆ መያዝ ይፈቅዳሉ። እኔ አልወደውም። ተጫራቹ «ሻጩ ያሰበው ዋጋ አልደረሰም» የሚለውን ሲያነብ ብዙ ጊዜ ጥሎ ይሄዳል። ዋጋው እንዲወጣ ወንድምዎን ወይም ጓደኛዎን «ተጫረትልኝ» ማለት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር፤ ድረ ገጾቹ ያግዱበታል፣ በብዙ አገሮችም በማጭበርበር ያስጠይቃል።

ርዕሱን ሲጽፉ ገዢው በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ የሚጽፋቸውን ቃላት ይጻፉ፦ አምራቹን፣ የትኩረት ርቀቱን፣ መግጠሚያውን። «እጅግ ድንቅ» ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። ጉድለቱን ከማንም በፊት ራስዎ ይናገሩ፣ በቅርብ ፎቶም ያሳዩ። ጭረቱን አይቶ የገዛ ሰው ዕቃውን አይመልስም፤ ሳያይ የገዛው ግን ዕቃውንም ይመልሳል፣ መጥፎ አስተያየትም ይጽፋል። አስተያየቱ ደግሞ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ አንድ ሙከራ፣ በኢቤይ ላይ ስሙ የታወቀ ሻጭ ተመሳሳይ የቆዩ ፖስትካርዶችን ከፊሉን በራሱ ስም፣ ከፊሉን በአዳዲስ ስሞች ሸጠ። ገዢዎች ለታወቀው ስም 8.1 በመቶ ያህል አብልጠው ለመክፈል ፈቃደኞች ሆነው ተገኙ። ከ400 ላይ ይህ 32 ያህል ነው፤ ከኮሚሽኑ ሁለት ሦስተኛ ማለት ነው። ለጀማሪ ግን ይህ ወደ ሌላኛው ጎን ያደላል፤ የመጀመሪያ ሽያጮችዎ ከደብተሩ ዋጋ ዝቅ ቢሉ አይደንግጡ።

ስለ ማጭበርበር ያልጠየቁኝን ልጨምር። «ከድረ ገጹ ውጭ እንጨርስ፣ ኮሚሽኑን እንካፈል» የሚል ሰው ከመጣ፣ ገዢም ይሁን ሻጭ፣ ውይይቱ እዚያው ያብቃ፤ ከድረ ገጹ ውጭ የተከፈለ ገንዘብ ዳኛ የለውም። ከዋጋው በላይ ከፍሎ «ትርፉን መልስልኝ» የሚል ከመጣም እንዲሁ፤ የመጀመሪያው ክፍያ ኋላ ላይ ይሰረዛል። ከፍሎ ካበቃ በኋላ «ወደ ሌላ አድራሻ ላክልኝ» የሚል ካለ ሽያጩን ሰርዘው በአዲሱ አድራሻ እንደገና እንዲገዛ ይንገሩት፤ ድረ ገጹ ለሻጭ የሚሰጠው ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በመዝገቡ ላይ ላለው አድራሻ ብቻ ነው። እኔ በደንብ የተመታሁት ግን በሌላ መንገድ ነው። አንድ ገዢ «ውስጡ አቧራ አለበት» ብሎ ሌንስ መለሰልኝ። ሣጥኑን ስከፍት ዓይነቱ ያው ነው፣ ነገር ግን የእኔ አይደለም፤ ውስጡ ሻጋታ የበላው የራሱ አሮጌ ሌንስ ነው። አምራቾች ብዙውን ጊዜ በሌንሱ አካል ላይ የሚቀርጹትን ተከታታይ ቁጥር ፎቶ አላነሣሁትም ነበርና የማሳይበት ማስረጃ አጣሁ። ገንዘቡ ተመለሰለት፣ ሻጋታው ለእኔ ቀረ።

እንግዲህ ቤትዎ ያለውን ሌንስ ወደ ጨረታ ከመውሰድዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ያድርጉ። ደብተር ላይ የተዘጉ ጨረታዎቹን መዝግበው በወር ስንቱ እንደሚሸጥ ይመልከቱ፤ በርከት ብለው የሚሸጡ ከሆነ ዝቅ ባለው መነሻ ይሞክሩት፣ ጥቂት ከሆኑ ግን መነሻው የማይቆጭዎት ቁጥር ይሁን። ሣጥኑን አሁኑኑ ያዘጋጁና ሌንሱን ከነመጠቅለያው ይመዝኑት። ማጓጓዣዎች ብዙ ጊዜ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን የሣጥኑን ስፋትም ያስከፍላሉ፤ የተለመደው ስሌት ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን በሴንቲሜትር አባዝቶ ለ5,000 ማካፈል ነው፣ ከእሱና ከሚዛኑ የበለጠው ይያዛል። ስለዚህ ትልቅ ሣጥን ውስጥ ያለ ቀላል ሌንስ ያልጠበቁትን ያስከፍልዎታል። ሦስተኛውን ገምተውታል፤ ተከታታይ ቁጥሩን ዛሬ ማታ ፎቶ ያንሡት።